ቀለም ቆጠራ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ዘጠኝ ሰው ተሰብስበን፣ ሰባት ወንበር ባለበት፤
ኡልሪካ ቆማለች፣ ቶርቢዮርን መስኮት ላይ ተቀምጧል፣
ዝናቡ የቡሮስን ጣራ እንደ ዕዳ ጠያቂ ያንኳኳል።

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ማን እንደ ጠቆመኝ እንጃ፤
እጅ አወጡና አለቀ፤ አልጠየቁኝም ማስረጃ።
ማኅበሩን በልቤ «የወንዝ ዕድር» እለዋለሁ፤
ልዩነቱንም አውቃለሁ፣ ማታ ማታ አስበዋለሁ፦
ያኛው ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያቀርባል፤
ይኼኛው ሟቿ እንዳትሞት ቀድሞ መዋጮ ይሰበስባል።

ስሟ ሊሎን ነው፤ በአገሩ አፍ፣ «ትንሿ ወንዝ» ማለት፤
ካርታ ላይ ከፀጉር የቀጠነች፣ ጣት የሚሸፍናት።
በጨርቁ ዘመን፣ አሉ፣ ሰኞ ቀይ፣ ዓርብ ሐምራዊ ትወርዳለች፤
የዓመቱን ልብስ ከሱቁ በፊት ለድልድዩ ታሳያለች።

ደብዳቤ መጥቷል ከማዘጋጃ ቤት። ኡልሪካ ታነባለች፦
«ግማሹን እኛ፣ ግማሹን ሰፈሩ...» ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።
ጠጠር፣ ለትራውት መፈልፈያ፤ ሃያ ስድስት ጥንድ ቦት፤
አጉሊ መነጽር ለአራተኛ ክፍል፣ ውሃ ውስጥ ለሚማሩበት።
ከእኛ የሚጠበቀው ስምንት ሺህ። እስካሁን፦ ከብስክሌት ጥገና፣
ከኬክ ሽያጭ፣ ከፒዛ ቤቱ ከሻሂን አምስት መቶ ክሮና፤
ከጥርስ ሐኪሟ ሁለት ሺህ፤ ስሜ አይጠቀስ ብላለች
(ከተማው ሁሉ ግን ያውቃል፤ ራሷ ተናግራለች)።
እዚህ ገንዘብ ድምፅ የለውም፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይዘላል፤
ሲሰጡት አይኮሽም፣ ሲጎድልም እንዲሁ ዝም ይላል።

በሩ ተከፈተ።
ኢንግቫር፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት፣ የራሰ ባርኔጣ፣
አንድ የማርማላታ ጠርሙስ በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ።
ገለበጠው። ሳንቲሙ ጮኸ፣ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፤
«ከማቅለሚያ ቤቱ ደሞዜ ያስቀረሁት ነው» አለ።
«በርሜሉን የምደፋው እኔ ነበርኩ፣ ከምሽቱ በአራት ሰዓት፤
አለቃ ‹ድፋ› ይላል፣ እደፋለሁ፤ ወንዝ ምን አፍ አላት?
እጄ እስከ ክርኔ አረንጓዴ፣ በሳሙናም የማይለቅ፤
የሠርጌ ዕለት ጓንት አጠለቅሁ፣ ሙሽራዬ እንዳትሳቀቅ።»

ቆጠርኩ። ሦስት መቶ አርባ አንድ።
ባንኩ እነዚህን መቀበል ከተወ ግን ቆይቷል፤
የንጉሡ ፊት ያው ነው፣ ዘመኑ አልፎበታል።
እርስ በርስ ተያየን። ቶርቢዮርን ወደ ዝናቡ ዞረ።
ሽማግሌው ቀደመን፤ «አውቃለሁ» ብሎ ተናገረ፤
«ባይገዛም የእሷ ነው። ለማን ልስጠው ሌላ?»
ወንበር ፈለገ፤ አጣ፤ ቆመ ከበሩ ኋላ።

«ገቢ፦ ሦስት መቶ አርባ አንድ» ብዬ ጻፍኩ፤ «ዋጋ፦ ባዶ።»
እርሳሴ እዚያው ቆመ፣ እንደ በቅሎ ለግሞ፣ ተናዶ።

የኡልሪካ ልጅ ሲግኔ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ፣
ጠባቂ ስለ ጠፋ የመጣች ከእናቷ፣
አንዱን ሳንቲም አነሣች፣ በመዳፏ መዘነችው፤
«መረባችን አይሰምጥም። ይኼ ቢሰፋበትስ?» አለችው።

ሚያዝያ። በረዶው ሟሟ። የተውሶ ቦት አጥልቀዋል፣
ከታላላቆቻቸው፤ ሲራመዱ እግራቸው ውስጡ ይዋኛል።
ኢንግቫር በመሰርሰሪያ የበሳው፣ በጠርዙ የተሰፋው
መረብ ወረደ፤ ወንዟ እንደ ድሮው ገፍታ አላነሣችው፤
ንጉሡ ሦስት መቶ አርባ አንዴ ጠጠሯን ሳመ።
ከዚያ አንድ ነገር ወጣ፦ ባለ ሦስት ጭራ፣ ከጥፍር ያነሰ፣
ውሃው ካልጠራ ድርሽ የማይል፤ ዘንድሮ የተመለሰ።

ስሙን ከልጆቹ ይማራል ኢንግቫር፣ ዳሩ ላይ ቆሞ፤
ይስታል። ሲግኔ ታርመዋለች። ይላታል ደግሞ ደግሞ።
ቀለም ያጠጣት ወንዝ፣
ሳትቀየም፣
በሰማንያ ስምንት ዓመቱ ቀለም ታስቆጥረዋለች።

ስምንት ሺሁ አልሞላም ገና፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይጎድላል።
ማክሰኞ ስብሰባ አለ። ወንበር ያለው ይዞ ይምጣ ተብሏል።